መንዜውን ፍለጋ፦ ከላምበረት እስከ ጓሳ

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት የሚጠራ ነበርና፣ የመርካቶ፣ የመንዝ፣ የወሊሶና የጎጃም ልጆች በአንድ የቆላ ማሠልጠኛ፣ በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ለመተኛት በቃን። መቶ በሚባለው የወታደር ክፍላችን ውስጥ ሥልጠናው የመንዜውን ያህል የከበደው ምልምል አልነበረም፤ የእርሱን ያህል የተወደደም አልነበረም። የሁለት ዓመቱ አገልግሎት ለብዙዎቻችን ረዝሞ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን፣ እርሱ ወደ አገሩ እኛም ወደ ከተማችን ተመለስን፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ኋላ ግን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጁ የመርካቶውን ጓደኛችንን በስልክ አፈላልጎ አገኘውና፣ "አባባ ለአስተርዮ ማርያም ኑልኝ ብሏል" የሚል መልእክት አደረሰን። ጓደኛዬና እኔ የተነሣነው በዚህ ጥሪ ነው። መንገዱን በቅደም ተከተል የምጽፈው፣ በማሠልጠኛው ስንስቅበት የነበረው ነገር ሁሉ ከየት እንደመጣ አገሩን ሳይ ስለተገለጠልኝ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 18 ቀን 2010 ዓ.ም. — ደብረ ብርሃን

ከላምበረት መናኸሪያ በ60 ብር ሚኒባስ ተሳፍረን 130 ኪሎ ሜትሩን ያለ አንዳች ችግር ጨርሰን ለምሳ ደረስን። ደብረ ብርሃን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በጥር ወር ፀሐይዋ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ቀኑ የጾም ስለሆነ ሽሮ አዘዝን፤ በ35 ብር የቀረበልን ድስት ሁለታችንን አጥግቦ ተረፈ፤ አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ግማሹም አይገኝም ነበር። አልጋ በ200 ብር ያዝን። "ፍል ውኃ አለ" ተብሎ የነበረ ቢሆንም ከቧንቧው የወረደው ጣት የሚያደነዝዝ ነበርና፣ የእንግዳ ማረፊያው ልጅ አዝኖልን በማንቆርቆሪያ አፍልቶ አመጣልን።

ከተማዋ ከጥንት ታሪኳ ሌላ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች። በማሠልጠኛው የመጀመሪያ ማታ አንዳንድ ብርድ ልብስ ሲታደለን፣ መንዜው ፊደል ገና አልቆጠረም ነበርና በጨርቁ ላይ የተጻፈውን አስነበበን፤ "ደብረ ብርሃን" የሚለውን ስም ሲሰማ "እንግዲህስ ዘመድ አገኘሁ" ብሎ አቀፈው። ያ ቆላ ሌሊትም ሙቀቱ የማይበርድ በመሆኑ ሁላችንም ደረታችንን ገልጠን ስንተኛ፣ እርሱ ግን ከራሱ እስከ እግሩ ተጠቅልሎ ያድር ነበር። አንድ ጠዋት የጓድ መሪያችን ሊቀሰቅሰው ሲገልጠው ልብሱ በላብ ርሶ፣ ፊቱ ቀልቶ አገኘውና "ወባ ነው" ብሎ ወደ ሕክምና ክፍል በወሳንሳ አስላከው። መንዜው እስከዚያ ዕለት ሰው በወሳንሳ ተሸክመውት ያየው ለቀብር ሲወሰድ ብቻ ስለነበረ፣ በሰልፉ መካከል ሲያልፍ "ኧረ አልሞትኩም! ኧረ የሰው ያለህ፣ አልሞትኩም!" እያለ ሲጮኽ የሻምበል ጦሩ በሙሉ ሰማው። ሐኪሙ መርምሮ ምንም ስላላገኘበት በዚያ ሙቀት የሚሸፋፈንበትን ምክንያት ቢጠይቀው፣ "ሰው ተራቁቶ ይተኛል እንዴ? ሌሊቱስ አይታዘበኝም?" ብሎ መለሰ።

በዚያ ምሽት ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበን ተኛን። የመርካቶው ጓደኛዬ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ አራተኛ ሲያስጨምር፣ የወሳንሳውን ነገር አንሥቶ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 19 — ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ

የመሐል ሜዳው አውቶቡስ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ታሪፉ 75 ብር ነበር። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበረ ሾፌሩ በዝግታ ነዳ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያወርዳል፤ የእኛ መንገድ ግን ከዋሻው በፊት ወደ ግራ ተገንጥሎ ጠጠሩን ያዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ አንድም ዳገት ነው አንድም ቁልቁለት፤ ሜዳ ሲገኝም ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሞላሌ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የኋላው ጎማ ተበሳ፤ ስኮርታውን ቢያወርዱትም እርሱም ነፋስ አልነበረውም። ረዳቱ ጎማውን በሌላ መኪና ጭኖ ሞላሌ አስጠግኖ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል በንፋስ ላይ ቆምን። ተሳፋሪው ግን አንድም ሰው አላጉረመረመም፤ አንዲት እናት ከመቀነታቸው የገብስ ቆሎ ፈትተው ለሁላችንም በጭብጥ በጭብጥ አደሉን፤ ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንሞክር ተቆጡን።

በዚያ ቆይታ ልብ ያልኩት ነገር አለ። በዚህ አገር ማንም ሰው "ወደ ቀኝ" ወይም "ወደ ግራ" ሲል አልሰማሁም። ጎማው ሲነሣ "ወደ ላይ ግፋው"፣ ሴትዮዋን "ወደ ታች ጠጋ ይበሉ"፣ ወራጁ "ከላዩ ቤት አውርደኝ" ይባባላል። ልጅ ከብት ሲጠብቅ የሚታዘዘውም በላይና በታች ነው፤ እርሻው ከቤቱ በላይ፣ ምንጩ ከቤቱ በታች ነው። ሰው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ዳገቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

መንዜውን ይህን ከመሰለ አገር አንሥተው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አቆሙት። "ቀኝ ዙር!" ሲባል ሁላችንም ስንዞር እርሱ ባለበት ቆሞ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያሽከረክራል። አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃ ድምፁ የሚያስደነግጥ፣ ልቡ ግን ሩኅሩኅ ሰው ነበር።

"ምን ትፈልጋለህ አንተ?"

"ላዩን ነው ጋሼ።"

"የምን ላይ?"

"አገሩ እኮ ላይም ታችም የለው ጋሼ! ሰው በምን ይዞራል?"

በመሠረቱ ከመዞሩ ይልቅ የከፋው "ጋሼ" ማለቱ ነበር። ሃምሳ አለቃው "ጋሼ ቤትህ ነው!" ብሎ ለእያንዳንዱ "ጋሼ" ዐሥር ፑሽ አፕ ፈረደበት። መንዜው ቅጣቱን በትክክል ፈጽሞ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ይላል፤ ቅጣቱም እንደገና ይጀመራል። ትንሽ ትልቁን አክብሮ እንዲያድግ የተማረ ሰው ስለነበረ አፉ ሌላ ቃል እሺ አላለውም፤ ደረቱና ክንዱ ግን በስድስት ወር ውስጥ ከሁላችንም የጠነከረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመርካቶው ጓደኛችን ሊረዳው ብሎ "ቀኝ ማለት የምትበላበት እጅ ነው" ሲል መከረው። በማግስቱ "ቀኝ ዙር!" ሲባል መንዜው መጀመሪያ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ አረጋገጠ፤ ከዚያ ዞረ። ሃምሳ አለቃው በሰልፍ መካከል የሚበላ መስሎት ኪሱን ቢፈትሽ፣ እናቱ ከሰነቁለት ያቆየው አንድ ጭብጥ ቆሎ ወጣ። ምስኪኑ አልበላሁም ብሎ ቢምልም ማን ይመነው! ከዚህ ሁሉ ችግር የወጣበትን መንገድ ጓሳ ስደርስ እጽፈዋለሁ፤ የመድኃኒቱ ነገር የተነሣው እዚያ ነውና።

መሐል ሜዳ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ዳገት ስንወጣ ትንፋሽ አጠረን። ማኪያቶ 8 ብር ጠጣን፤ ወተቱ የዚያው አገር ላም ወተት መሆኑ በአንድ ጉንጭ ይታወቃል። ለቤተሰቡ ስኳር፣ ቡናና ሳሙና ገዝተን፣ ተቀብሎ ካሳደረን ከመንዜው ልጅ ጋር ስናወጋ አመሸን።

እሑድ፣ ጥር 20 — ወደ መንደሩ

መንደሩ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ መኪና እስከሚደርስበት በአይሱዙ ተጭነን ከዚያ በእግር ሄድን። ልጁ "አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው" ብሎን ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀብን ርቀቱ በዝቶ ሳይሆን ሰላምታው ነው። ከገበሬው፣ ከቄሱ፣ ከአውድማ ገብስ ጭነው ከሚመለሱት ሴቶች ጋር ቆሞ ጤና፣ ከብት፣ አዝመራና ልጅ ሳይጠያየቁ ማለፍ በዚያ አገር ነውር ነው። ባና የሚባለውን የሱፍ ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ የመርካቶውን ጓደኛዬን ፈጽሞ ሳያውቁት የእናቱን ጤና ጠየቁት፤ ማረፋቸውን ሲነግራቸው ቆመው ነፍስ ይማር አሉለት። ጓደኛዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የሌሊት ጥበቃው ነገር ትዝ ያለን እዚያው መንገድ ላይ ነው። ዘበኛ በሌሊት ሰው ሲመጣ "ቁም! ማን ነህ?" ብሎ ማስቆም፣ የይለፍ ቃል መጠየቅ፣ ካልመለሰ መሬት ማስተኛት አለበት። መንዜው ጥበቃ ላይ በቆመበት ሌሊት የሻምበሉ አዛዥ ዘበኞችን ሊፈትኑ በጨለማ መጡ። "ቁም! ማን ነህ?" የሚለውን በሚገባ ጮኸ። አዛዡ ስማቸውን ሲናገሩ ግን መሣሪያውን ወደ ትከሻው መልሶ "እንዴት አመሹ? ቤተሰብ ደኅና? ከብቱ ደኅና? አገሩስ ዝናብ አገኘ?" ብሎ ጀመረ። አዛዡ ደግሞ የገጠር ሰው ነበሩና ሳያስቡት መለሱለት፤ እርሱም ቀጠለ፤ ተረኛው ዘበኛ ሊተካው ሲመጣ ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ በግ እርባታ ሲጨዋወቱ አገኛቸው። የይለፍ ቃሉን የጠየቀም የተጠየቀም አልነበረም። በማግስቱ በተሰጠው ቅጣት አልተከፋም፤ "ሰውየው ግን እጅግ ጨዋ ናቸው" እያለ ነበር የሚሮጠው።

በድንጋይ ካቡ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ደረስን። ጠጉሩ ነጭቷል፤ ትከሻው ግን ዛሬም ሰፊ ነው። ተረከዙን አጋጭቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠን፤ ወዲያው ግን አቅፎን ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳምን ለረጅም ጊዜ ቆየን። ከመቀመጣችን በፊት የጠየቀን ስለ ወሊሶው፣ ስለ ጎጃሜውና ስለ ሃምሳ አለቃው ነበር። ስለሞቱት ስንነግረው ለእያንዳንዳቸው የክርስትና ስማቸውን ጠይቆ ለልጁ አስጻፈ።

ቤቱ ግንቡ ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ባለቤቱ ውኃ አሙቀው እግራችንን ካላጠብኩ ሲሉ ብንከላከልም አልሆነልንም። የገብስ እንጀራ በዶሮ ወጥ አቀረቡልን፤ "አፈር ስሆን ብሉልኝ" ሲሉ እምቢ ማለት የሚችል ሰው አላውቅም። የኩበቱ እሳት ሌሊቱን ሙሉ ሲያሞቀን አደረ።

ሰኞ፣ ጥር 21 — አስተርዮ ማርያም

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ታቦቱ ዑደት ሲያደርግ ቆምን፤ ከቀትር በኋላ ጎረቤቱ በሙሉ ወደ መንዜው ቤት መጣ። የነነዌ ጾም የገባበት ዕለት ስለነበረ የጾም ምግብ ተሰናድቶ፣ የገብሱ ጠላ በጋን ቀርቦ ነበር። በዋጋ ልናግዝ ብናስብም እንደማይቀበለን እናውቅ ስለነበረ ዝም አልን።

ጨዋታው ሲሞቅ እኛ የወሳንሳውንና የ"ጋሼ"ውን ታሪክ ልናወራ ተዘጋጅተን ሳለ፣ አንዲት የልጅ ልጁ የመርካቶውን ጓደኛዬን ትኩር ብላ አይታ "አባባ፣ አህያዋን ተጠንቀቅ ያሏት እሳቸው ናቸው?" ብላ ጠየቀች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ለካስ መንዜው ለልጆቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያወራ የኖረው ሥልጠና ስለከበደው ስለ አንድ የከተማ ልጅ ኖሯል! ጓደኛችን በማሠልጠኛው ውኃ የምታመላልስ አህያ እንዲነዳ ታዝዞ፣ አህያ ነድቶ ስለማያውቅ "ወደ ፊት ሂድ!" እያለ በወታደራዊ ድምፅ ያዝዛት ነበር። እርሷም አልተንቀሳቀሰችም። በመጨረሻ "ተጠንቀቅ!" ብሎ ሲጮኽባት ከነጄሪካኑ ተጋደመች። ከወደቀችበት ያስነሣት መንዜው ነው፤ ጆሮዋን አሻሽቶ በከንፈሩ አንድ ድምፅ ቢያሰማት ተነሥታ ቀጥ ብላ ሄደች። ልጆቹ ታሪኩን ቃል በቃል ያውቁታል፤ ትንሹ ወጥቶ የቤታቸውን አህያ እስከ ደጃፉ ጎትቶ አመጣና ጓደኛዬን "ይዘዟት" አለው። ጓደኛዬ ጠላውን አስቀምጦ ተነሣ፤ "ተጠንቀቅ!" ብሎ በሙሉ ድምፁ አዘዘ። አህያዋ ጆሮዋን እንኳን አላነቃነቀችም፤ የሳቅነው ግን እስኪያመን ነው። መንዜው ጓደኛውን ተሸክሞት የኖረው በፍቅር መሆኑን ያን ጊዜ በግልጽ አየሁ፤ በልጆቹ ዘንድ ጓደኛዬ የሚወደድ ሰው ነበርና።

ማክሰኞ፣ ጥር 22 — ጓሳ

መንዜው በማለዳ ቀስቅሶን ወደ ጓሳ ወጣን። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ስሙን ያገኘበት ሣር ዓይን እስከሚደርስ የሞላበት ነው። ጥንት ቄሮ በሚባል ሥርዓት እየተጠበቀ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያስቀረውም ሕዝቡ ዛሬም በራሱ ደንብ ይጠብቀዋል። የቤት ክዳን፣ ገመድና መጥረጊያ የሚሆነው ይህ ሣር ነው። ጓደኛዬ አንድ ዘለላ ሊነቅል ሲያጎነብስ መንዜው እጁን ያዘው፤ "ጊዜው አይደለም፤ ሲፈቀድ ይታጨዳል" አለው።

ሥፍራው ከመድረሳችን በፊት በአንድ አውድማ አጠገብ እረኞች ጭላዳ በወንጭፍ ሲያባርሩ አየን። ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ ሦስቴ አራቴ ያሽከረክራሉ፤ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ነው የሚወጣው። የቦንብ ውርወራ ልምምዱ ወዲያው ታወሰን። የምንወረውረው ፈንጂ የሌለው የልምምድ ቦንብ ነበር፤ ያም ሆኖ አሠልጣኙ ቀለበቱ ከተነቀለ በኋላ አንዳች መዘግየት እንደማይፈቀድ ደጋግሞ አስጠንቅቆናል። መንዜው ቀለበቱን ነቀለና ክንዱን በእረኛ ወግ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ማሽከርከር ጀመረ። አሠልጣኙን ጨምሮ ሁላችንም በደረታችን መሬት ላይ ወደቅን። ቀና ስንል ቦንቡ ከተሰመረው ምልክት እጅግ አልፎ አርፏል፤ እርሱም ብቻውን ቆሞ "ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" ይለናል። ከዚያ ቀን በኋላ አሠልጣኙ ሌሎች ሻምበሎች ሲመጡ ጠርቶ የሚያስወረውረው እርሱን ነበር፤ ሳታሽከረክር ብሎ አስምሎት።

አሁን ወደ ቀኝና ግራው ልመለስ። በሦስተኛው ወር ገደማ የቀኝ ጫማው ማሰሪያ ተበጠሰበት፤ ሌላ እስኪታደል መጠበቅ አልወደደምና ከሜዳው ሣር አጭዶ ገምዶ አሰረበት። በማለዳው ፍተሻ ሃምሳ አለቃው እግሩ ሥር ቆሞ ቀረ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሣር ነው ጋሼ። የዚህ አገር ሣር ግን ደካማ ነው።"

ቅጣት ስንጠብቅ ሃምሳ አለቃው ለጥቂት ጊዜ አሰበና፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተራምዶ "ወደ ሣሩ ዙር!" ብሎ አዘዘ። መንዜው ቁልቁል እግሩን አየ፤ ያለ ምንም ማመንታት ወደ ቀኝ ዞረ። "ከሣሩ ሽሽ!" አለው፤ ወደ ግራ ዞረ። መቶው በሙሉ አጨበጨበ። ለቀሪዎቹ ወራት ያ ማሰሪያ በተበጠሰ ቁጥር ሃምሳ አለቃው ራሱ "ሣርህን ገምድ" እያለ ጊዜ ይሰጠው ነበር።

ለምረቃው ሰልፍ ግን ለሁሉም አዲስ ማሰሪያ ታደለ፤ ሣር አይፈቀድም ተባለ። ሁላችንም የተጨነቅነው ለእርሱ ነው። መንዜው በሌሊት ተነሥቶ አንድ እፍኝ ሻካራ ሣር ገምዶ በቀኝ ጫማው ውስጥ ከእግሩ ሥር ሸሸገው። ሰልፉ ሲጀመር ሣሩ እየወጋውና እየኮረኮረው ቀኝ እግሩን ከሰው ሁሉ በላይ እያነሣ ይራመድ ጀመር፤ ዙር በተባለ ቁጥርም አንድ ጊዜ እንኳን አልተሳሳተም። በክብር ቦታው የተቀመጡ አንድ ከፍተኛ መኮንን በጣታቸው አመልክተው "አረማመድ ማለት የእርሱ ነው" ማለታቸውን አጃቢያቸው ነገረን። ሰልፉ ሲበተን ሃምሳ አለቃው መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ጎበዝ" አለው።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለ መንዜው።

ፑሽ አፕ የታዘዘለት የለም። መንዜው ይህን ታሪክ እዚያው ጓሳ ላይ ተቀምጦ ሲያደምጥ የምረቃው ዕለት እግሩ ቆስሎ ለሳምንት ማነከሱን ነገረን፤ እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረውም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 23 — መመለሻ

መንዜው ባለፈው አጨዳ ካስገባው ጓሳ በሌሊት የገመደውን ረጅም ገመድ ለጓደኛዬ፣ ባለቤቱ ከፈተሉት ሱፍ የተሠራውን ባና ለእኔ ሰጡን። አውቶቡሱ ሞልቶ ስላመለጠን በአይሱዙ እስከ ጣርማ በር በነፍስ ወከፍ 80 ብር ከፍለን መጣን፤ ከዚያ በዋሻው በኩል ወደ ደብረ ሲና ወርደን ከደሴ የሚመጣ መኪና ጠበቅን። ቀኑ ጾም ነውና ምሳችን በስሙ የታወቀው የደብረ ሲና ቆሎ ሆነ፤ በ10 ብር የሰፈሩልን ለሁለት ሰው እስከ ሸኖ ዘልቋል። የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጭነቱ በጣሪያው ላይ ተፈትቶ መንገድ ላይ ሲቆም፣ ጓደኛዬ የጓሳውን ገመድ አውጥቶ ሰጠ፤ ረዳቱ ሻንጣዎቹን አጥብቆ አሰረበትና እስከ ላምበረት አንድም አልተነቃነቀ። ስንወርድ ገመዱን በ50 ብር ካልሸጥክልኝ ብሎ ለመነው፤ ጓደኛዬ በ500ም አልሸጥም አለ።

የመንዜው ልጅ ሲመረቅ አባቱ ደብረ ብርሃን እንደሚወርድ ነግሮናል። ያን ጊዜ የማረፊያውን ነገር ጓደኛዬ፣ የምሳውን እኔ ይዘናል፤ የወሊሶውን ልጅ አፈላልገን ይዘነው ለመሄድም ስልኩ ካለው ሰው መጠየቅ ጀምረናል።